ነጥቦቹ ሁሉ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ከሸሹ ጂፒኤሱን አትቀይሩት

አንድ አንባቢ ከጅማ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «የተራራውን ጫካ ካርታ እየሠራን ነው። በጂፒኤስ የያዝነውን ነጥብ በድሮው 1፡50,000 ካርታ ላይ ስናስቀምጠው ሁሉም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሸሻል። ወንዝ ዳር ቆመን የያዝነው ዳገት ላይ ወጣ። ሌላ ጂፒኤስ እንግዛ?»

ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ። ዛፍ ሲግናል ሲከልል ነጥቦች ወዲህም ወዲያም ይበተናሉ። ያንተዎቹ ግን ተያይዘው ነው የሄዱት። እኔ የምጠረጥረው አዲንዳንን፣ ማለትም የድሮው ካርታ የተለካበትን መነሻ ነው።

ይቺን ነገር ቀስ ብለህ አንብባት። የድሮ ቀያሾች ለዚህ አካባቢ እንዲስማማ ክላርክ 1880 የሚባለውን የምድር ቅርጽ ይዘው ለኩ፤ ስሌታቸው የሚነሳው በግብጽና ሱዳን ድንበር አካባቢ ካለው አዲንዳን ነው። ጂፒኤስህ የሚጠቀመው ዳብሊውጂኤስ 84 ደግሞ ለመላው ዓለም የተሠራ ነው። የሁለቱ መጠን ይለያያል፣ መሃላቸውም አይገጥምም። ስለዚህ አንድ ድንጋይ ላይ ቆመህ ሁለት አድራሻ አለህ ማለት ነው። በእኛ አካባቢ የጂፒኤሱ ቁጥር ወደ ሰሜን 200 ሜትር፣ ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ገደማ ይበልጣል። ካርታው ላይ 4 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል ነው፣ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ግን ብዙ የከፍታ መስመር ያዘልልሃል።

ከአንተ በፊት የነበረው ልጅ ካርታውን ኮምፒውተር ላይ በዓይኑ እየጎተተ አስማምቶት ከሆነ ፋይሉን ጣለው። እንዲህ ያለ ሥራ ስንት ጊዜ አፍርሼ ሠርቻለሁ! አንዱ ጥግ ሲገጥም ሌላው ይሸሻል። ከዋናው ስካን ጀምር፣ አራቱን ጥግ በካርታው ቁጥር እሰር፣ የመለኪያ ሥርዓቱን ኮድ (EPSG) 20137 በል፣ ይህ የአዲንዳን ነው፤ ከዚያ ወደ ዳብሊውጂኤስ 84ቱ ኮድ፣ ወደ 32637 ቀይር። ካርታው ላይ ያለ ድልድይ ላይ ሄደህ ነጥቡ መግጠሙን አረጋግጥ።

ኮምፓስም ከያዝክ ርካሿን ተዋት፣ መርፌዋ እየተጣበቀች ታታልልሃለች። ጥሩውም ቢሆን ባዛልት በሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ይሳሳታል፤ በተለይ መብረቅ የመታው አለት ማግኔት ይሆናል። አቅጣጫውን ከመስመሩ ከሁለቱም ጫፍ ለካ፣ ልዩነቱ 180 ዲግሪ ካልሆነ ቦታ ቀይር።

መብረቅ ካልን ደግሞ፦ ነጎድጓድ ከሰማህ የመለኪያውን የብረት ዘንግ ጣልና ከተራራው ጫፍ ውረድ። «አንድ ነጥብ ብቻ ቀረችኝ» አትበል። ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥርም አትጠለል። ደግሜ ልንገርህ፣ ዘንጉን ጣልና ውረድ፤ ነጥቧን ነገ ጠዋት ትይዛታለህ።