ማመልከቻውን ከመሙላታችሁ በፊት፦ ለሳይንስ ተመራቂዎች

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ፣ ከድል ሐውልቱ አጠገብ ባለ አንድ ካፌ ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ተቀምጬ ነበር። በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ይዛለች። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው ርዕደ መሬት አዲስ አበባን በነቀነቃት ሌሊት ስድስተኛ ፎቅ ላይ እንደነበረችና ከዚያ ወዲህ ልቧ ምድርን በፊዚክስ ወደሚያጠናው ወደ ጂኦፊዚክስ እንዳዘነበለና በዚሁ ሙያ በአንድ የምርምር ተቋም ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ማመልከት እንደምትፈልግ ካጫወተችኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ምዝገባ ሳይከፈት ተቋሙ ድረስ ሄጄ ማንን፣ ምን ብዬ አነጋግራለሁ? ፎርሙን ሞልቼና የመግቢያ ፈተናውን ተፈትኜ ብጠብቅ አይበቃም?» ስትል ጠየቀችኝ። ወዲያው መመለስ አቃተኝ። ይህንኑ ጥያቄ በወጣትነቴ ራሴን ጠይቄ የሰጠሁት መልስ ዛሬም ይቆጨኛል።

በ1981 ዓ.ም. እኔም የፊዚክስ ዲግሪዬን ይዤ ከአራት ኪሎ ብዙ በማይርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ሁለተኛ ዲግሪ የመማር ፍላጎቴ ብርቱ ቢሆንም ምን ማጥናት እንደምፈልግ ግን አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ በአራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ ውስጥ ወዳለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ጎራ አልኩ። ይህ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 ከተካሄደውና ብዙ አገሮች ምድርን በጋራ ካጠኑበት ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ የተቋቋመ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ የመሩት ካናዳዊው ካህን አባ ፒየር ጉዋን ነበሩ። ቦታው ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ (የማግኔት መርፌ ሳያዘነብል አግድም ለሚቀመጥበት መስመር) ቅርብ ናት፣ ስምጥ ሸለቆውም ከደጃፏ ነው። አባ ጉዋን የአገራችንን የርዕደ መሬት ታሪክ ሲያጠናቅሩ ከመሣሪያው ንባብ አልፈው የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ጭምር መርምረዋል፤ አንድ ሳይንቲስት ለጥያቄው መልስ ፍለጋ እስከ የት መሄድ እንደሚችል ባሰብኩ ቁጥር የሚታወሰኝ ይኸው ሥራቸው ነው።

በዚያን ዕለት የተቀበሉኝ ጠና ያሉ የመሣሪያ ባለሙያ ነበሩ። ቀይ መብራት ብቻ ወደበራበት ጨለማ ክፍል አስገቡኝና የምድር ንቅናቄ የሚመዘገብበትን፣ በከበሮ ላይ የተጠቀለለውን የፎቶግራፍ ወረቀት አሳዩኝ። ያኔ ወረቀቱ በየቀኑ ይቀየር ነበር፤ የተነሣው ደግሞ በኬሚካል ታጥቦ ይደርቅና በእርሳስ ምልክት እየተደረገበት ይነበብ ነበር። አንዱን የደረቀ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ከርዕደ መሬት ሞገዶች ቀድሞ የሚደርሰውን የፒ ሞገድና ተከትሎት የሚመጣውን የኤስ ሞገድ ለይተው ካመለከቱኝ በኋላ፣ «በሁለቱ መካከል ያለውን ሰከንድ በ8 አባዛው፤ ርዕደ መሬቱ የተነሣበትን ርቀት በኪሎ ሜትር ገደማ ታገኘዋለህ» አሉኝ። በቅርብ ርቀት ለተነሣ ርዕደ መሬት ስሌቱ ዛሬም ይሠራል። አራት ዓመት ፊዚክስ ስማር ማንም እንደዚያ አድርጎ ምድርን በእጄ አስነክቶኝ አያውቅም። ልወጣ ስል «ከክፍለ ጊዜህ በፊት በየጠዋቱ ብቅ በል። ወረቀት መቀየርና ማንበብ አስተምርሃለሁ። ሁለት ወር ካነበብክ፣ ምን መማር እንደምትፈልግ ማንም ሳይነግርህ ታውቀዋለህ» አሉኝ።

አመስግኜ ወጣሁ፤ አልተመለስኩም። እስከ ራስ መኮንን ድልድይ በእግሬ ስወርድ በአእምሮዬ የነበረው «ዲግሪ ይዤ ወረቀት ልቀይር?» የሚል ሐሳብ ብቻ ነበር። ኩራት መሆኑን ያኔ አላወቅኩም፤ ለዲግሪዬ ክብር የቆምኩ መስሎኝ ነበር።

ነሐሴ 14 ቀን 1981 ዓ.ም. በማዕከላዊ አፋር፣ በዶቢ፣ በመጠን ከ6 በላይ የሆነ ርዕደ መሬት ተነሣ፤ ሌሎችም ተከታተሉት። መስከረም ላይ አፍሬ ወደ ባለሙያው ስሄድ የዚያን ሰሞን ወረቀቶች ዘረጉልኝ፤ መስመሮቹ ከመደራረባቸው የተነሣ ነጭ ቦታ ለማግኘት ይቸግር ነበር። «ይህን ስቀይር አንተን አስታውሼ ነበር» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ከዓመታት በኋላ ሁለተኛ ዲግሪ ስገባ የራሴ የምለው ጥያቄ ስላልነበረኝ፣ ሌሎች መርጠው ከተረፉት ርዕሶች አንዱን ወሰድኩ። ጽሑፉን በጊዜው ጨረስኩ፣ ተመረቅኩ፣ የከርሰ ምድር ውኃ በማጥናት ቤተሰቤን አስተዳደርኩ፤ በዚህ አላማርርም። ነገር ግን ያ የዶቢ ክረምት የእኔ ሊሆን ይችል ነበር።

ስለ ትራንስክሪፕት፣ ስለ ስፖንሰር ደብዳቤና ስለ ምዝገባ ቀን አልጽፍላችሁም፤ ያንን ሬጅስትራር በግልጽ ይነግራችኋል። ልነግራችሁ የምፈልገው የምርምር ተቋም ከተራ ትምህርት ክፍል የሚለይ መሆኑን ነው። እዚያ የሚጠብቃችሁ ከናንተ በፊት የተጀመረና ከናንተ በኋላም የሚቀጥል ሥራ ነው፤ የሚቀበለው ተማሪ ብዛትም ሊያማክሩ በሚችሉት ተመራማሪዎችና ባለው መሣሪያና ዳታ ይወሰናል። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ የቅርብ ዓመታት የመመረቂያ ጽሑፎችን አንብቡ፣ በተለይ «ወደፊት ሊጠና የሚገባው» የሚለውን የመጨረሻ ክፍል፤ ከዚያ የጸሐፊውን አማካሪ ፈልጋችሁ አነጋግሩ።

የዛሬ ወጣቶች የመቁረጫ ነጥቡን ትጠይቃላችሁ፤ ተቋሙ ምን እየመረመረ እንዳለ የሚጠይቀኝ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ይህ ያሳዝነኛል። ሆኖም የቤት ኪራይና የትራንስፖርት ወጪ በሚያስጨንቅበት ከተማ ቶሎ ለመድረስ መቸኮላችሁን እንዴት እወቅሳለሁ? ነጥብ ሁሉን አይወስንም እያልኩም፣ ብሔራዊውን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ሳያልፉ በሩ እንደማይከፈት ስለማውቅ፣ ለእሱም በርትታችሁ ተዘጋጁ።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ ከነገርኳት በኋላ «አንቺ ከዚያ ሌሊት ምኑን ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። ጥቂት አሰበችና፣ እሷ ስድስተኛ ፎቅ ላይ በድንጋጤ ከአልጋዋ ስትዘል፣ በሌላ ሰፈር ምድር ቤት የምትኖረው እኅቷ ግን ጨርሶ እንዳልነቃች ነገረችኝ፤ ልዩነቱ ከፎቁ ይሁን ከአፈሩ፣ ይህን ማወቅ እንደምትፈልግ። ይህንኑ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ያዢ አልኳት። ኦብዘርቫቶሪው ድረስ አብሬሽ ልሂድ ብላት «አይ ጋሼ፣ ማክሰኞ ጠዋት ብቻዬን እሄዳለሁ» አለችኝ።