በሰው ፊት የሚወርድ ቁጣ

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ ነኝ። ከውጭ የመጡት ሥራ አስኪያጅ ስሕተት ሲያዩ ሠራተኛዋን በሁሉም ፊት ይጮኹባታል፤ በማግሥቱ ትቀራለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለሥራ አስኪያጁ ብቻቸውን ሲሆኑ ይንገሯቸው። «ይህ ነውር ነው» ከማለት ይልቅ ከሥራ የቀሩትን ሠራተኞች መዝገብ ያሳዩአቸው፤ አንድ ማሽን ባዶ ሲሆን መስመሩ በሙሉ እንደሚጓተት እሳቸውም ያውቃሉ። ከዚያ ስሕተቱን ለእርስዎ እንዲነግሩ ይስማሙ። እርስዎ ልጅቷን ገለል አድርገው የተበላሸውንና የተስተካከለውን ልብስ ጎን ለጎን ያሳዩአት፤ ሦስት ቁራጭ ፊትዎ ትስፋ። «ገባሽ?» ብቻ ብለው አይለፏት፤ ባይገባትም አክብራዎት አንገቷን ትነቀንቃለች።

የቀረችውን ልጅ በዚያው ቀን ይደውሉላት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ያለ ፈቃድ ከቀረች፣ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጣት ወዲያው ልትሰናበት ትችላለች። ከገጠር የመጡ ብዙ ልጆች ይህን የሚሰሙት ከተባረሩ በኋላ ነው፤ በጣም ያሳዝናል። ሲቀጠሩ ይንገሯቸው።

ሰዓትም ያጣላል። ማስታወቂያ ላይ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ በውጭ አቆጣጠር 8፡00» ብለው ሁለቱንም ይጻፉ።