መልስ፦ ገዥው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን እስከ መቼ ማራዘም ይችላል?

ሰላም ወንድሜ፣ “የአሜሪካዋ የፔንሲልቬንያ ግዛት ገዥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን እንደፈለገ ሊያራዝም ይችላል ወይ?” ላልከው፣ ከ2021 ወዲህ አይችልም።

ድሮ አዋጁ 90 ቀን ይቆያል፤ ሲያልቅ ገዥው ራሱ ያድሰዋል። በኮቪድ ጊዜ የግዛቲቱ ሁለት የሕግ አውጪ ምክር ቤቶች “አዋጁ ይብቃ” ብለው ወሰኑ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በጁላይ 2020 ውሳኔያቸው ለወቅቱ ገዥ ለቶም ዎልፍ ፊርማ መቅረብ አለበት አለ። እሱ ካልተቀበለው፣ እምቢታውን ለመሻር በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። እስቲ አስበው፣ አዋጁን ያወጣው ሰው ካልፈቀደ በአብላጫ ድምፅ ብቻ አይነሳም ማለት ነው! እኔን ያስቆጣኝ ይኼ ነው።

በሜይ 18 ቀን 2021 ሕዝቡ ሕገ መንግሥቱን አሻሻለ። አሁን አዋጁ 21 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያራዝሙት ምክር ቤቶቹ ናቸው። ሲፈልጉም ያለ ገዥው ፊርማ በአብላጫ ድምፅ ያቋርጡታል። በድምፅ መስጫው ላይ የቀረበው ጥያቄ ማሻሻያው በገዥውና በምክር ቤቶቹ መካከል ያለውን ነባር የእርስ በርስ ቁጥጥር እንደሚያስቀር አድርጎ የተጻፈ ነበር፤ ሆኖም አለፈ።

ጉዳትም አለው። ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ ሲታደስ የቆየው የኦፒዮይድ (ሱስ የሚያስይዙ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎችና መሰል ዕፆች) ሱስ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምክር ቤቶቹ ስላላራዘሙት በኦገስት 2021 አበቃ። ገደቡን ብደግፍም 21 ቀን ያንሳል እላለሁ።