ቀለም የለንም፣ ኤግዚቢሽኑ ይቅር ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ የ3ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ልጆቹ ስለ ሰፈራቸው የሳሉትን ለወላጆች ላሳይ አስቤያለሁ፤ ግን ለቀለም የሚሆን ብር የለም፣ ደግሞ ሁሉም የሚስሉት ያንኑ ቤትና ያንኑ ፀሐይ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም እንዳትተዪው! መጀመሪያ ልጆቹን ከክፍል አውጫቸው። ጦሳን በቃላቸው ከሚስሉት ቆመው እያዩ ይሳሉት፤ ጠዋት ጉም ሲሸፍነውና ከሰዓት ሲገለጥ አንድ ዓይነት ተራራ አይደለምና ሁለቴ ቢስሉት ደስ ይለኛል። አይጠየፍንም አሳያቸው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ስሙን ስታስረጃቸው፣ ማንንም የማይጠየፍ ማለት ነውና፣ ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን ገብቶ የሚበላውን ሰውም መሳላቸው አይቀርም።

ቀለሙ አያስጨንቅሽ። ለጥቁር ከሰል አለ። ቀይ አፈር ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ በእንቁላል አስኳልና በጠብታ ውሃ ሲለወስ ወረቀት ላይ ጥሩ አድርጎ ይይዛል፤ የጥንት ሰዓሊዎችም በአስኳል ይለውሱ ነበር። እርድ ቢጫ ይሰጣል፣ ፀሐይ ግን ቶሎ ስለሚያደበዝዘው መስኮት አጠገብ አትስቀዪው።

አንድ ነገር ልለምንሽ፦ እርሳሱን ከልጁ እጅ ወስደሽ አታስተካክዪለት። እኔ ልጅ ሆኜ የሳልኳትን ላም መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ አረሙብኝ፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ምንም አልሳልኩም።

ለመስቀያ ሲባጎና የልብስ መቆንጠጫ ይበቃል። ከሥር ልጁ ራሱ አንድ መስመር ይጻፍ፣ «ይሄ የአያቴ ሱቅ ነው» ብሎ። በልጆቹ ቁመት ልክ ስቀዪው፤ ወላጅ ጎንበስ ብሎ ይየው።