«የሞተሬ መብራት ሻማ ሆነብኝ» ላልከው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ላላዩት በአጭሩ ልድገመው። የምትኖረው ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ነው፤ ከሥራ የምትመለሰው ደግሞ ማታ ማታ። 150 ሲሲ ሞተርህ አራት ዓመቱ ነው። አጭር መብራቱ መንገዱን አያሳይህም፣ ረጅሙም ዛፍ ዛፉን ነው የሚያበራው። ሱቅ ውስጥ «120 ዋት፣ 20,000 ሉመን» (ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚል ኤልኢዲ አምፖል አይተህ «ይሄን ልግዛ ወይስ ፓውዛ (ተጨማሪ የፊት መብራት) ላስገጥም?» ብለሃል።

ብዙዎቹ «ግዛው፣ ሌሊቱን ቀን ነው የሚያደርግልህ» ብለውሃል። እኔ ቆይ እልሃለሁ። እንዳንተው ተቻኩዬ ሁለት ጊዜ ገንዘቤን አቃጥያለሁ። አንዴ ደግሞ ጉልበቴን ጭምር።

ከሐዋሳ ይርጋለም በሞተር ስመላለስ ስምንተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። 40 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ግማሹን ጊዜ ሲመሽ ነው የምነዳው። ያንን መንገድ በማታ የሚያውቅ ያውቀዋል፦ መብራት የሌለው የአህያ ጋሪ፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው፣ አስፋልቱ ሞቆት የተኛ ላም፣ ከፊት ደግሞ ረጅሙን መብራት የማይቀንስ አይሱዙ።

መጀመሪያ ካርቶኑ ላይ ስላለው ቁጥር። ብዙ መኪኖች ላይ ያለው ኤች 4 የሚባለው ሃሎጅን (ውስጡ ያለው ክር ግሎ የሚያበራ የተለመደው) አምፖል 60/55 ዋት ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር ለረጅሙ፣ ሁለተኛው ለአጭሩ መብራት ነው። በደረጃው መሠረት ረጅሙ 1,650፣ አጭሩ 1,000 ሉመን አካባቢ ይሰጣል። እንደኛ ባሉ ትንንሽ ሞተሮች ላይ የሚገባው ኤችኤስ 1 ደግሞ 35/35 ዋት ነው። እሱ ረጅሙ 825፣ አጭሩ 525 አካባቢ ነው። አሁን 20,000ውን አስበው። የአሥራ ሁለት የመኪና አምፖል ረጅም መብራት አንድ አውራ ጣት በምታክል ነገር ውስጥ ገባ ማለት እኮ ነው! እኔ የገዛሁት «80 ዋት» ይል ነበር። ቤት ወስጄ በቴስተር (በኤሌትሪክ መለኪያ) አምፔሩን ስለካው 1.5 ሆነ። በ13 ቮልት ብታባዛው 20 ዋት አይሞላም። የተቀረው 60 ዋት ካርቶኑ ላይ ብቻ ነው ያለው።

እውነቱን ለመናገር ያም ሆኖ በደንብ ያበራ ነበር። ችግሩ የሚያበራው ቦታ ነው። የሞተርህ መብራት ውስጥ ያለው አንጸባራቂ ሳህን የተሠራው የሃሎጅኑ ክር በምትቀመጥባት ቦታ ተለክቶ ነው። ክሯ ከቦታዋ ትንሽ ከተዛነፈች ብርሃኑ መንገዱን ትቶ ሰማይና የሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። ርካሹ ኤልኢዲ ደግሞ ክር የለውም። ሁለት ጎን ላይ የተለጠፉ ነጠብጣቦች ናቸው ያሉት፤ አቀማመጣቸውም ብዙ ጊዜ ከክሯ ጋር አይገጥምም። ከመሪው ሆነህ ስታየው ፊትህ ያለው አምስት ሜትር አስፋልት ነጭ ስለሚሆን ደስ ይልሃል። ዓይንህ ያንን ይለምድና ከዚያ ወዲያ ያለው የባሰ ይጨልምብሃል።

እና አንድ ማታ መንገዴ ላይ ካለችው ከአፖስቶ ትንሽ አለፍ እንዳልኩ አንድ አይሱዙ መጣ። አጭር መብራት ላይ ነበርኩ። ሾፌሩ ግን ረጅም ያበራሁ መስሎት ሁለቴ ብልጭ አደረገልኝ። እኔ ምን ልቀንስ? ሦስተኛ ላይ ተናደደና ያለውን ፓውዛ በሙሉ ለቀቀብኝ። ምንም አላየሁም። ሲያልፈኝ ፊቴ ላይ የጋሪ ጀርባ ተገተረ። መሪውን ወደ ጠጠሩ ጠምዝዤ ወደቅኩ። ባለ ጋሪው ወርዶ አነሳኝ። አፈሬን እያራገፈልኝ «መብራትህ እኮ እኔንም ከኋላ ዓይኔን ሲያጠፋኝ ነበር» አለኝ። ሰውዬው ፊቱን አዙሮ እያየኝ ነበር፤ እኔ ግን ጋሪውን አላየሁም። እስቲ አስበው።

ያን አምፖል አውጥቼ የድሮውን መለስኩና ሐዋሳ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ ኤሌትሪሺያን ሄድኩ። «ጋሼ፣ ጠንከር ያለ አምፖል ይፈልጉልኝ» አልኳቸው። አልመለሱልኝም። ሞተሩን አስነሱ፣ መብራቱን አበሩ፣ ቴስተሩን ባትሪው ላይ አደረጉ፦ 13.8። ከዚያ አምፖሉ ጀርባ ያለው ሶኬት ላይ ወሰዱት፦ 11.3። «ሁለት ቮልት ተኩልህን የት ጣልካት?» አሉኝ።

ሶኬቱን ሲነቅሉት ነጭ የነበረው ፕላስቲክ ቡና መስሏል። የተቃጠለ ይሸታል። ኤሌትሪኩ ከባትሪ ተነስቶ በቁልፉ፣ ከዚያ መሪው ላይ ባለው ማብሪያ፣ ከዚያ እንደ ክር በቀጠነ ገመድ አድርጎ ነው አምፖሉ ጋ የሚደርሰው። በየመገጣጠሚያው ዝገትና አቧራ አለ። በየቦታው ትንሽ ትንሽ ይቀራል። ሃሎጅን ደግሞ በዚህ ነገር በጣም ስስ ነው። ቮልቱ 10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በኔው ቁጥር ስታሰላው ግማሹ ብርሃን ገመድ ውስጥ ቀርቶ ነበር። እኔ ደግሞ አምፖል ስወቅስ ከረምኩ።

የሠሩልኝ ነገር ቀላል ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ ወፍራም ገመድ፣ ባትሪው ሥር 10 አምፔር ፊውዝ፣ ከዚያ ሪሌ (በትንሽ ኤሌትሪክ ተቀስቅሶ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ)። ሪሌው አራት እግር አለው፣ ቁጥር ተጽፎበታል። 30 ላይ ከባትሪ የመጣው፣ 87 ላይ ወደ አምፖሉ የሚሄደው፣ 85 እና 86 ላይ ደግሞ የድሮው የመብራት ገመድና ኔጌቲቭ። የድሮው ገመድ ከእንግዲህ ሥራው ሪሌውን መቀስቀስ ብቻ ነው፤ ሸክሙን የሚሸከመው አዲሱ ወፍራሙ ነው። ለረጅሙና ለአጭሩ ሁለት ሪሌ ያስፈልጋል። ኔጌቲቩንም ቀየሩት፣ ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው። የተቃጠለውን ሶኬት በሸክላ ሶኬት ተኩ። ሲለኩት 13.2። አምፖሉ ያው የድሮው ነው። ማታ ስወጣ የሌላ ሰው ሞተር የያዝኩ መሰለኝ።

ግን ይሄ የሚሠራው መብራቱ ከባትሪ የሚበላ ሞተር ላይ ነው። አንዳንድ ሞተር መብራቱን በቀጥታ ከጄኔሬተሩ ነው የሚያገኘው። መለያው ቀላል ነው። ሞተሩን ቆሞ አስነሳው። ነዳጅ ስትሰጠው መብራቱ ቦግ፣ ስትለቀው ድክም የሚል ከሆነ እንደዚያኛው ነው። እዚያ ላይ ሪሌም ዝም ብሎ አይገባም፣ ተራ ኤልኢዲም ይንቀጠቀጥብሃል ወይ ቶሎ ይቃጠላል። ወደ ባትሪ መቀየር ይቻላል፤ ግን ሬክቲፋየሩን (የጄኔሬተሩን ኤሌትሪክ ለባትሪ እንዲሆን የሚቀይረውን ዕቃ) የሚያውቅ ሰው ያየው። ከመንገድ ዳር በናስትሮ ጠቅልሎ «አለቀ» የሚልህ አይንካብህ።

ረጅሙ ዛፍ ነው የሚያበራው ያልከው ደግሞ ገንዘብም አይፈልግም። ጎማህን በልኩ አስነፋ። ሜዳ ቦታ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቀህ ሞተሩ ላይ እንደወትሮህ ተቀመጥ። ሌላ ሰው የመብራቱን መሐል ከመሬት ይለካና ግድግዳው ላይ በጠመኔ ያስምር። የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ ከመስመሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ካልሆነ የመብራቱን ብሎን ላላ አድርገህ አስተካክል። ጀርባህ ሰው ወይ ጆንያ ካለ የኋላው ይሰምጥና መብራቱ ሽቅብ ያያል። እኔ አቮካዶ ጭኜ የምሄድ ቀን ሳልነሳ በፊት ዝቅ አደርገዋለሁ።

እግረ መንገድህን የራስ ቁርህን መስታወት ወደ መብራት ዘርግተህ እየው። ፀጉር የመሰለ ጭረት ከሞላው ከፊት በሚመጣ መብራት ሁሉ ይፈነጥቅብሃል። ቀይረው። ጥቁሩን መስታወት በማታ አድርጎ የሚነዳም አይቻለሁ፣ ምን እንደምለው አላውቅም።

አሁን ወደ ፓውዛ። ይሄን ሁሉ አድርገህ ካልበቃህ ከአምፖል ቅየራ ይልቅ ፓውዛን እመርጣለሁ። ምክንያቱም ኤልኢዲው ለራሱ በተሠራ ሳህን ውስጥ ነው ያለው። ግን ሲኖትራክ ላይ የሚገጠመውን ዓይነት አይደለም። ለአንድ ትንሽ ሞተር 10 10 ዋት ሁለት ይበቃዋል። ጄኔሬተርህ ከዚያ በላይ የሚያወጣው ትርፍ ብዙ አይደለም። እኔ ሁለተኛውን ገንዘቤን ያቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው። ትልልቅ ሁለት አስገጥሜ በሦስተኛው ሳምንት ባትሪው ሞተ፤ ሞተሩን እየገፋሁ ገባሁ። የአሁኖቹ ትንንሾች ናቸው፣ ከመብራቱ ዝቅ ብለው ተገጥመዋል። ሪሌያቸው የሚቀሰቀሰው በረጅሙ መብራት ገመድ ነው። ስለዚህ ረጅሙን ስቀንስ አብረው ይጠፋሉ፤ ከፊቴ ለሚመጣው ሰው ሌላ ቁልፍ ፍለጋ አልደናበርም።

ቀለሙንም እይ። ሰማያዊ የሚያጠቃው ነጭ ሱቅ ውስጥ ያምራል። ወደ ሀገረ ሰላም ደጋ ስወጣ ጉም ሲገጥመኝ ግን ነጭ መጋረጃ ሆኖ ፊቴ ላይ ይቆማል። 6,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ ይሄዳል) ከሚለው 4,300 አካባቢ ያለው ለእኔ ተስማምቶኛል። ጉም ውስጥ ረጅሙንም ፓውዛውንም አጥፋ፣ በአጭሩ ቀስ በል።

አንድ ነገር ደግሞ ሞክረው። ሁሉን ካስተካከልኩ በኋላ ታናሽ ወንድሜን ጥቁር ጃኬት አልብሼ ጨለማ መንገድ ላይ አቆምኩትና በአጭር መብራት እስካየው ተጠጋሁ። በእርምጃ ቆጠርኩት፣ 35 ሜትር አካባቢ። በ60 ስትነዳ በሰከንድ 17 ሜትር ትሄዳለህ። አየሁት ብለህ ፍሬን እስክትይዝ ብቻ 25 ሜትር አለቀ። ለመቆም ሌላ ከ20 ሜትር በላይ ትፈልጋለህ። ወንድሜን ገጨሁት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በአጭር መብራት ከ40 አላልፍም። መኪና ሲመጣብኝ ዓይኔን ወደ ቀኝ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ አደርጋለሁ እንጂ መብራቱን አላይም።

አምፖሉን አሁን አትግዛው። ነገ ሞተሩን አስነስተህ ባትሪው ላይና ሶኬቱ ላይ ስንት ቮልት እንዳለ ለካና ሁለቱን ቁጥር እዚህ ጻፍልኝ። ነዳጅ ስትሰጠው ቦግ ይል እንደሆነም ንገረኝ። የሶኬቱን ፎቶም ጨምርበት፣ ቡና መስሎ ከሆነ እዚያው እናውቀዋለን።