ወንድሟ ዲቴንሽን ለገባባት እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ወንድምሽ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ዲቴንሽን (የኢሚግሬሽን እስር ቤት) ከገባ አራት ወሩ ነው፣ ጨጓራው እያመመው ነው፣ ዞር ብሎ የሚያየው ሐኪም የለም ብለሻል። «ከውጭ ሆነን የምናደርገው ነገር አያያዛቸውን ይለውጠዋል ወይስ ዝም ብለን እንጸልይ?» ብለሽም ጠይቀሻል። ከሥር የተጻፉልሽ መልሶች አብዛኛዎቹ «አይዞሽ፣ ያልፋል» የሚሉ ናቸው። እኔ ዘጠኝ ወር ታስሬ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አዎ፣ ይለውጠዋል። ጸሎቱም ይቀጥል። ግን እዚያ ውስጥ ነገር የሚንቀሳቀሰው ከውጭ ሆኖ ስምህን ጠርቶ የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ነው።

እኔ ከብራዚል ተነስቼ፣ የፓናማን ጫካ አቋርጬ፣ በ2016 መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሜክሲኮ ድንበር ላይ እጄን ሰጠሁ። ጥገኝነት ነው የጠየቅኩት። እጄ፣ ወገቤና እግሬ በሰንሰለት ታስሮ በአውሮፕላን ወደ አሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ተወሰድኩ። እናቴ ያኔ ብታየኝ ምን ትል ነበር እያልኩ ነው የበረርኩት።

ዓቢይ ጾም እዚያው ገባ። ትሪው ላይ የሚመጣው እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ነው። እሱን አጠገቤ ላለው እሰጥና ዳቦና ባቄላ እበላለሁ። የጾም ምግብ እንዲሰጠኝ በወረቀት ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ። መልስ የለም። በዚያ ላይ ጥርሴን ያመኝ ጀመር። ክሊኒክ ስሄድ ማስታገሻ ሰጥተው «ውኃ ጠጣ» ይሉኛል። ሃያ ሦስት ቀን እንደዚያ ነበርኩ። ቀኑን በሳሙና ካርቶን ላይ እያሰመርኩ ስለምቆጥር አልረሳውም።

ከዚያ አንዲት አሜሪካዊት ባልቴት መጡ። እስረኛ እየጠየቁ የሚዞሩ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አሉ፣ ከእነሱ አንዷ ናቸው። በመስታወቱ ማዶ ተቀምጠው «ምን ቸገረህ?» አሉኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለ ጥርሴና ስለ ጾሙ ነገርኳቸው። ምንም ቃል አልገቡልኝም። ስሜን ፊደል በፊደል ጻፉ፣ ቁጥሬን ጻፉ፣ ሄዱ። በሳምንቱ ጥርሴ ተነቀለ። ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ ጾመኞቹ ሁሉ ሩዝና አትክልት ማግኘት ጀመርን። በኋላ እንደሰማሁት፣ ሴትዮዋ በየቀኑ እየደወሉ «የእገሌ ጥርስ ምን ሆነ?» ሲሉ ነበር። ለምክር ቤት አባላቸው ቢሮም ጽፈው ነበር። መመሪያው አንድ መስመር እንኳ አልተለወጠም። የተለወጠው የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ነው።

መመሪያ ያልኩት አለ። አይስ (ስደተኛ የሚያስረው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት) ራሱ ያወጣቸው የአያያዝ ደረጃዎች አሉ፤ አንዱ የ2011ዱ ነው። ሕክምና በጊዜው ይሰጥ፣ የሃይማኖት ምግብ ይከበር፣ ጠያቂ ይግባ ይላል። ሲነበብ ደስ ይላል። ችግሩ ደረጃው ሕግ አለመሆኑ ነው። ቢጣስ ፍርድ ቤት ሄዶ በሱ ብቻ ማሸነፍ ከባድ ነው። በኔ እምነት የመጀመሪያው መለወጥ ያለበት ነገር ይህ ነው። ደረጃው በኮንግረስ ሕግ ይሁን፣ የጣሰ ይጠየቅ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ የኢሚግሬሽን እስር በሕግ ቅጣት አለመሆኑን ነው። ጉዳይህ እስኪታይ መቆያ ነው። በ2009 የኦባማ መንግሥት ዶራ ሽሪሮ የሚባሉ የእስር ቤት አስተዳደር ባለሙያ ሥርዓቱን እንዲያጠኑ አደረገ። ያገኙት ግልጽ ነበር። ቤቶቹ የተሠሩትም የሚተዳደሩትም እንደ ወንጀለኛ እስር ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ? በ2025 ነሐሴ የታሰረው ሰው ቁጥር ከ60 ሺህ አልፏል። ያው ደንብ ልብስ፣ ያው ቆጠራ፣ ያው ጨለማ ክፍል።

ስለ ጨለማ ክፍሉ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ወንድምሽ አቤቱታ መጻፍ ሊፈራ ይችላል። አብሮን የነበረ አንድ ልጅ ምግብ አልበላም አለ ተብሎ ብቻውን ተዘጋበት። ሲመለስ ዓይኑ ሌላ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ ሰውን ለብቻው መዝጋትን ይከለክላል። «ሐኪሞች ለሰብዓዊ መብቶች» የተባለው ድርጅት በ2024 ባወጣው ጥናት በአምስት ዓመት ውስጥ ከ14 ሺህ ጊዜ በላይ ሰው ለብቻው መዘጋቱን፣ አማካዩም 27 ቀን መሆኑን ገልጿል። ስለዚህ ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፣ አትቆጪው። ጩኸቱ ካንቺ በኩል ይምጣ። እሱ የሕክምና ጥያቄውን በወረቀት ያስገባ፣ ቀኑን ይመዝግብ፣ በስልክ ይንገርሽ። አንቺ ጻፊው፣ ደውዪ።

ለምክር ቤት አባል ቢሮ ስትደውዪ ወንድምሽ የፈረመበት የፈቃድ ወረቀት ይጠይቁሻል፤ ያለሱ ስለሱ ጉዳይ ሊያናግሩሽ አይችሉም። ወረቀቱን ከቢሮው አስልከሽ በፖስታ ላኪለት። ዜጋ መሆን የግድ አይደለም፣ በአካባቢው መኖርሽ ይበቃል።

ስሙንም ደጋግመሽ አጣሪ። ድንገት ሌላ ቦታ ሊያዛውሩት ይችላሉ፣ ያኔ በአይስ ድረ ገጽ ነው የምትፈልጊው። በስም ከሆነ የምትፈልጊው ስሙ እነሱ እንደጻፉት ካልሆነ አይወጣም። የኛ ስም ደግሞ መከራ ነው። «ገብረ ሚካኤል» አንዴ ተቀጥሎ አንዴ ተለያይቶ ይጻፋል፣ አያት የአባት ስም ይሆናል። አንድ ጓደኛዬ ወንድሙን ሦስት ሳምንት ፈልጎ ያጣው በአንዲት ፊደል ምክንያት ነው። ኤ ነምበሩን (ኢሚግሬሽን የሰጠውን መለያ ቁጥር) እና የተወለደበትን አገር ከያዝሽ ትገላገያለሽ።

የቋንቋም ነገር አለ። ከኛ ጋር የነበረ የሲዳማ ልጅ የጥገኝነት ኢንተርቪው ላይ በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ ተሰጠው። አማርኛው ገበያ የሚያደርስ ነው እንጂ የደረሰበትን ግፍ የሚያስረዳበት አይደለም። አፍሮ «እሺ፣ እሺ» ብሎ ጨረሰ። መብትህ ነው፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋህ ጠይቅ ያለው አልነበረም። እኛም አልነገርነውም። ይህ ዛሬም ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ጠበቃ ልሂድ። መንግሥት በኢሚግሬሽን ጉዳይ ጠበቃ አያቆምልሽም፣ በራስሽ ገንዘብ ነው። ከ2007 እስከ 2012 በነበሩ መዝገቦች ላይ በተሠራ ጥናት ታስረው ከነበሩት ጠበቃ ያገኙት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ኒው ዮርክ ከተማ በ2013 በራሷ በጀት ለታሰሩ ስደተኞች ጠበቃ ማቆም ጀመረች፣ ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። እኔ የወጣሁት ነፃ ጠበቃ ስላገኘሁ ነው። ከተማችን እንዲህ ያለ በጀት ሲወያይ የኛ ሰው አዳራሹ ውስጥ ቢገኝ ከመቶ የፌስቡክ ፖስት ይበልጣል። ቦንድን (የዋስትና ገንዘብ አስይዞ መውጣትን) በተመለከተ በመስከረም 2025 የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርዱ ድንበር ላይ ሳይፈተሽ የገባ ሰው ቦንድ ሊጠይቅ አይችልም ብሎ ወስኗል። በየፍርድ ቤቱ ክርክር ስላለ ሉዊዚያና ያለው ከሌላው ሊለይ ይችላል። ስለዚህ ኮሜንት ላይ «እኔ በ1,500 ዶላር ቦንድ ወጣሁ» የሚልሽን ሰምተሽ አትንቀሳቀሺ።

እኛ አካባቢ ሜሪላንድ በ2021 ካውንቲዎች ከአይስ ጋር የእስር ውል እንዳይኖራቸው በሕግ ከልክላለች። ደግፌ ነበር፣ አሁንም እደግፋለሁ። ግን እውነቱን ልናገር። የቅርቡ ሲዘጋ ሰው ሁሉ ተፈታ ማለት አይደለም፣ አንዳንዱ ቤተሰቡ ወደማይደርስበት ሩቅ ስቴት ይሄዳል። መዝጋት ብቻውን አይበቃም፣ በምትኩ ምን ይሁን የሚለውም መልስ ይፈልጋል። መልሱ ደግሞ ተሞክሯል። ከ2016 እስከ 2017 ዋሽንግተንና ባልቲሞርን ጨምሮ በአምስት አካባቢዎች ቤተሰቦች ሳይታሰሩ፣ ጉዳያቸውን የሚከታተል ሠራተኛ ተመድቦላቸው ነበር። 99 በመቶው ቀጠሮውን አክብሯል። ወጪው ለአንድ ቤተሰብ በቀን 40 ዶላር አይሞላም ነበር። ሆኖም ተዘጋ። ይህን የሚያውቅ ስንት አበሻ አለ?

ደግሞ ብር ላኪለት። እኔ ወጥ ቤት በቀን 1 ዶላር ነበር የምሠራው፣ እሱም ለስልክ ነው የሚያልቀው። ዋሽንግተን ስቴት ታኮማ በ2021 የፍርድ ቤት ዳኝነት ሸንጎ (ጁሪ) እስር ቤቱን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ጂኦ ግሩፕ ለእስረኞቹ 17.3 ሚሊዮን ዶላር የሠሩበትን እንዲከፍል መወሰኑን ሳነብ አልቅሻለሁ። ሰው ናችሁ፣ ሠርታችኋል እንደመባል ነው።

ኤ ነምበሩን እዚህ ኮሜንት ላይ እንዳትጽፊው። በውስጥ ላኪልኝ። አሁን እኔም በየሁለት ሳምንቱ እስረኛ እጠይቃለሁ፣ ሉዊዚያና ውስጥ የሚጠይቁ ሰዎችም አውቃለሁ። ሄዶ ፊት ለፊት የሚያየው ሰው እፈልግለታለሁ። ጾመኛ ከሆነም ንገሪኝ፣ ደብዳቤውን አብረን እንጽፋለን።