አረጋውያን ቤት ገብታችሁ ልትሰሩ ላሰባችሁ ልጆች

ሰላም ልጆች፣ ሰሞኑን የኬርጊቨር (የተንከባካቢነት) ስልጠና ጨርሳችሁ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ተፈትናችሁ "አረጋውያን ቤት ልግባ ወይስ አረብ ሀገሩ እስኪሳካ ልጠብቅ" እያላችሁ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። እኔ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ የአረጋውያን ቤት 24 አመት በነርስነት ሰርቻለሁ፣ የማውቀውን ልንገራችሁ።

የሽንቱና የበረኪናው ሽታ አንድ ሁለት ሳምንት ምግብ ያስጠላችኋል፣ ከዛ ይለመዳል። ወገብ ግን አይለመድም፣ ሰው ስታነሱ ሁለት ሆናችሁ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ አንሱ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ራሱን ማዞር የማይችል ሰው ብዙ ጊዜ በየ2 ሰአቱ ጎኑ ይቀየራል፣ አጥንቱ ስጋውን ፍራሹ ላይ ሲጫነው ደም አይደርሰውም፣ ደም ያልደረሰው ስጋ ደግሞ ይሞታል። ከመቀመጫ ከፍ ብሎ ያለው አጥንት፣ ዳሌና ተረከዝ ቶሎ ይጎዳሉ። መፅሀፉ "ይቀላል" ይላል፣ የኛ ሰው ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል፣ ስለዚህ በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱት፣ ከአጠገቡ ካለው ቆዳ የሚሞቅ ወይ ጠጠር ያለ ከሆነ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው።

ይሄን የተማርኩት ሰው ጎድቼ ነው። ስራ በጀመርኩ በሁለተኛው አመት ናይት ገብቼ ለሊት 7 ሰአት ላይ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ስነቃ 11 ሰአት ሆኗል፣ የጊዮርጊስ ቅዳሴ በማይክ ይሰማል። ደነገጥኩና የ8ቱንም የ10ሩንም ማገላበጫ ወረቀት ላይ ሞልቼ ፈረምኩ። አንዲት እማማ ነበሩ፣ አንድ ጎናቸው ሽባ የሆነ፣ ወረቀቱ በደንብ ተገላብጠዋል ስለሚል ቀን የገቡትም ጀርባቸውን ለማየት አልቸኮሉም፣ በሶስተኛው ቀን ቆዳው ተላጠ። ቁስሉ እስኪድን አራት ወር ፈጀ። እኔ እያጠብኩላቸው እሳቸው በደህናው እጃቸው እጄን ይዘው "አይዞሽ ልጄ" ይሉኝ ነበር። ለሀላፊዋ የነገርኳት ዘግይቼ ነው፣ ያኔውኑ ጠዋት "ተኝቼ ነበር፣ አላገላበጥኩም" ብል ኖሮ አንድ ሰው ገልጦ ያያቸው ነበር። ሰው ይደክመዋል፣ እንቅልፍም ይጥለዋል፣ ያልሰራችሁትን ግን በፍፁም አትፈርሙ፣ ከናንተ በኋላ የሚገባው ሰው የሚያየው ወረቀቱን ነው።

የመርሳት ችግር ያለባቸውን ደግሞ አትከራከሯቸው። ድሮ ምድር ባቡር የሰሩ አንድ ጋሼ ነበሩን፣ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ፣ ገላቸውን ሊያጥቧቸው ሲሉ የሚማቱ። ለካ የሚያስደነግጣቸው መጀመሪያ አናታቸው ላይ የሚፈሰው ውሃ ነው። እኔ ከእግራቸው ጀመርኩ፣ እግራቸው ላይ "ጋሼ፣ ለገሃርን ለቀናል፣ አቃቂ ነን" እላቸዋለሁ፣ ጉልበት ላይ ደብረ ዘይት፣ ከዛ ሞጆ፣ እጃቸው ጋ ስደርስ እሳቸው ራሳቸው "ናዝሬት!" ይላሉ። ፀጉራቸው ድሬዳዋ ነበር፣ ድሬዳዋ ስንደርስ ፎጣውን ተቀብለውኝ ራሳቸው ያደርቃሉ። ይሄ ውሸት ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን እሳቸው ያሉበት ቦታ ሄጄ ያገኘኋቸው ነው የሚመስለኝ።

ሌላው፣ ሽማግሌ ሰው ውሃ ጥማቱ ብዙም አይሰማውም፣ "አልጠማኝም" ቢሏችሁም ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ስጡ። ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ በድንገት ከተዘባረቀበት "እርጅና ነው" ብላችሁ አትለፉት፣ የሽንት ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ለነርስ ወይ ለሀኪም ንገሩ። ስታጎርሱ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰአት ያህል አታስተኙ። ፆምን በተመለከተ፣ ስኳር ያለባቸው እናቶች መድሀኒት ወስደው ሳይቀምሱ ሊውሉ ይፈልጋሉ፣ እናንተ አትጨቃጨቁ፣ የንስሀ አባታቸውን ጥሩላቸው፣ "ልጄ ብዪ" ካሏቸው ይበላሉ።

አረብ ሀገሩን ሂዱም ቅሩም አልልም፣ የየቤታችሁን ችግር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ከመወሰናችሁ በፊት ግን ስድስት ኪሎ ማዘር ቴሬዛ ወይ አያት መቄዶንያ ሄዳችሁ አንድ ቀን ለማገዝ ጠይቁ። ጠዋት ሂዱ ታዲያ፣ ከሰአት ከሄዳችሁ ሁሉም ታጥቦ ለብሶ ፀሀይ ላይ ቁጭ ብሎ ነው የምታገኙት።